በሽሮ ሜዳ የሚታየው የብር ጌጥና የሠሪው ስም

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ የተከተለ ሰው ሽሮ ሜዳ ይደርሳል። ይህ የጉለሌ ሰፈር ይበልጥ የሚታወቀው በሸማኔዎቹና በጥበብ ቀሚሱ ስለ ሆነ፥ በየሱቁ ከልብሱ ጐን የሚንጠለጠለውን መስቀል፥ ድሪና ጉትቻ ቆም ብሎ የሚመረምረው ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚሁ ጌጥ ፍርድ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። ፍርድ ስል የዋጋ ግምት ማለቴ አይደለም፤ ዋጋውንማ ሻጭና ገዥ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

በቋንቋችን ብር ማለት ማዕድኑም ነው፥ ገንዘቡም ነው። አንጥረኛው ለብዙ ዘመን ሲያቀልጠውና ሲቀጠቅጠው የኖረው ጥሬ ዕቃ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ነበርና። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላ እንኳ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ሲመታ የኖረው ይህ ጠገራ 28 ግራም ያህል ሲመዝን፥ ከዚህ ውስጥ ንጹሑ ብር 23 ግራም ያህል ነው። ጌጥ የሚያሠራ ሰው ጠገራውን ቈጥሮ ይሰጥ ነበር፤ ክፉ ቀን ሲመጣም ጌጡ ተመልሶ ገንዘብ ይሆናል።

ከእኛ እጅግ የራቀ የሚመስለው የጥንቱ የአሜሪካ የብር ሥራ በዚህ ረገድ ለንጽጽር ይረዳል። የቦስተን አንጥረኞችም የስፓኝን ጠገራ እያቀለጡ ጽዋና የሻይ ማንቆርቆሪያ ይሠሩ ነበር። በለንደን የብሩን ንጽሕና መርምሮ ማኅተም የሚመታ ማኅበር ነበረ፤ በቅኝ አገሩ ግን እንዲህ ያለ መርማሪ ስላልነበረ የገዥው ዋስትና የሠሪው ስም ሆነ። ፖል ሪቪር በሚሠራው ዕቃ ላይ የገዛ ስሙን በማኅተም ይመታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1768 የሠራው የነፃነት ጽዋ ዛሬ በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል፤ ያሠሩት የ15 ሰዎች ስምም ተቀርጾበታል። በዚያው ዓመት ኮፕሊ የተባለው ሠዓሊ ሪቪርን በሸሚዙ እንዳለ፥ ማንቆርቆሪያውን በእጁ ይዞ፥ መቅረጫዎቹ ከፊቱ ተቀምጠው ሥሎታል።

በእኛ የጥንት መስቀሎች ላይ ጽሕፈት ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው የሰጪው ወይም የቤተ ክርስቲያኑ ስም ነው። ቀጥቃጭ፥ ቡዳ እየተባለ ሲሰደብ የኖረ ሰው ስሙን ሕዝብ በሚሳለመው ዕቃ ላይ ለመጻፍ እንዴት ይደፍር ነበር? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ከዐዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ኖሯል።

አሁን ወደ ሽሮ ሜዳ እንመለስ። በአንድ ቀን ሦስት የአንገት መስቀሎች ተመለከትሁ። የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበ አልነበረም፤ በሰፈሩ የሚኖሩ አንዲት እማማ ከአንገታቸው አውልቀው ያሳዩኝ ነው። ውፍረቱ የጠገራ ውፍረት ነው። ክንፎቹ በሞረድ የተስተካከሉ ስለ ሆኑ ግራና ቀኙ ፍጹም እኩል አይደለም፤ ተመትተው ከወጡት ክቦች አንዱ ጠለቅ፥ አንዱ ፈዘዝ ይላል። ጀርባው ከልብስ ጋር ሲፋተግ ኖሮ ለስልሷል፤ ጥቍረቱ የቀረው በቅርጹ ጐድጓዳ ውስጥ ብቻ ነው። ከማንጠልጠያው በታች ያለው ማጠፊያ ዛሬም ይንቀሳቀሳል፤ መስቀሉ ደረት ላይ ተዘርግቶ እንዲያርፍ የሚያደርገው እርሱ ነው።

ሁለተኛው «የጥንት ነው፥ የጎንደር ነው» ተብሎ የቀረበልኝ ነው። መልኩ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው፤ ነገር ግን ማጠፊያው አይታጠፍም፥ ከመስቀሉ ጋር በአንድነት ቀልጦ ፈስሷልና። ጥቍረቱም በጐድጓዳውና በጕብታው ላይ እኩል ተለቅልቋል፤ እጅና ልብስ ሊያበሩት ይገባ የነበረው ስፍራ ሳይቀር ጥቍር ነው። ማዕድኑን ስላላስመረመርሁ ብር አይደለም አልልም። የምነቅፈው የሌለውን ዕድሜ መልበሱንና የማይሠራ ማጠፊያ ማበጀቱን ነው።

ሦስተኛው ከተገመደ ቀጭን ሽቦ የተሠራ፥ ትንሽና የሚያበራ ነው። አራቱ ክንዶች ከመካከል እየሰፉ ወጥተው ጫፋቸው ላይ ሽቦው ወደ ውስጥ ይመለሳል። ብየዳው በሁለት ስፍራ አብጧል፤ ይህ ጕድለት ነው፥ አልሸሽገውም። ሆኖም እንደ ሁለተኛው የሌላ መስቀል ጥላ አይደለም፤ ሽቦው የት መታጠፍ እንዳለበት ያሰበ ሰው አለ። ከእማማ መስቀል ቀጥሎ በእኔ ፍርድ የሚበልጠው ይህ ነው። ሻጩ ግን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው «ይሄ እንኳን አዲስ ነው ወንድሜ» ብሎ ጥንታዊ ከተባለው ባነሰ ዋጋ ጠራልኝ።

ሻጩን ብቻ መውቀስ አይገባም። መስቀልን ሁሉ የጎንደር፥ የላሊበላ፥ የአክሱም እያልን በአገርና በዘመን ብቻ የምንመድብ እኛ የጥናት ሰዎች ነን። ገዥው ከእኛ ሰምቶ «ስንት ዘመኑ ነው?» ይላል፤ «ማን ሠራው?» አይልም። እንዲህ ከሆነ ብልሁ አንጥረኛ የሚያተርፈው እጁን ሲሸሽግ ነው። ስምን መጻፍ ከትሕትና ጋር አይስማማም የሚል ቢኖር፥ ለመስቀሉ ክርክሩን እቀበላለሁ፤ ለአምባርና ለጉትቻ ግን ምን መልስ እንደሚሰጥ ብሰማ እወዳለሁ።

የሽቦውን መስቀል ገዛሁት። ሠሪው ማን እንደ ሆነ ብጠይቅ «አንድ ልጅ ነው፥ በየሳምንቱ ያመጣልናል» አለኝ፤ ስሙን ልጠይቅ ስል ሌላ ገዥ ገባ። ቤት ደርሼ ገልብጬ አየሁት። ከማንጠልጠያው ሥር የገብስ ፍሬ የምታህል ለስላሳ ስፍራ አለች፤ ምንም አልተጻፈባትም።