«ደርድር» የሚለው ቃልና ያልተነገረው ሕግ

ተጠቃሚው የሠንጠረዡን ራስጌ ሲጫን ረድፎቹን በዚያ ዓምድ መሠረት የሚያሰልፈውን የኮምፒዩተር ትእዛዝ «ደርድር» ብሎ መተርጐም እየተለመደ መጥቷል። ቃሉ አጭርና ግልጥ ስለ ሆነ ለትእዛዝነቱ አንቃወመውም። ነገር ግን ጡብም ይደረደራል፤ ክራርም ይደረደራል። በምን ሕግ ለሚለው ጥያቄ ቃሉ መልስ የለውም፤ ችግሩም ከዚሁ ይነሣል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉትን ቡራዩን፣ ሰበታንና ሱሉልታን እንውሰድ። በሀለሐመ ተራ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ ይሆናሉ። ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው በመረጡት በአበገደ ተራ ግን የመጨረሻዋ ቡራዩ ፊተኛ ትሆናለች። በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ሲጻፉም ቡራዩ ትቀድማለች። ሁሉም ድርድር ነው፤ ሁሉም ትክክል ነው። ሁለቱ ጽሕፈቶች በአንድ ዓምድ ሲገናኙ ደግሞ በዩኒኮድ ቍጥር ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም በቁቤ የተጻፈውን ሁሉ ከግእዙ ፊደል ያስቀድማል።

ከዚህ የሚከፋው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። ዩኒኮድ ሀን፣ ሐንና ኀን በየራሳቸው ስፍራ አኑሯቸዋል። ይህ ለጽሕፈቱ ታማኝነት ተገቢ ነው፤ ለስም ዝርዝር ግን ወጥመድ ነው። «ሀይሉ» ተብሎ የተመዘገበው ሰው በዝርዝሩ ራስ ላይ ሲገኝ፣ «ኃይሉ» የተባለው ከተስፋዬ በኋላ ይወርዳል። በአንደኛው አጻጻፍ ብቻ የሚፈልግ ጸሓፊ ባለጉዳዩን «ስምዎ የለም» ብሎ ይመልሰዋል። ስሙ ግን አለ።

የጃቫ ቋንቋ በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው ስድስተኛ እትሙ ሠንጠረዥን በአንድ መስመር ትእዛዝ ተደርዳሪ የማድረግ ዘዴ አምጥቷል። ፕሮግራም አዘጋጁ የዓምዱን ዓይነት ካላሳወቀ ግን ቍጥሩ እንደ ቃል ተቈጥሮ 10 ከ9 ይቀድማል፤ ሞክሼዎቹን የሚያስተባብር ማነጻጸሪያም ራሱ ካልጻፈ ማንም አይጽፍለትም። እንግዲህ ሐሳቡ ሁለት ነው፤ ድርጊቱና ሕጉ። ሁለቱንም «ድርደራ» የሚል መምሪያ አንባቢውን ሕግ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ያሳልፈዋል። ለድርጊቱ «ደርድር» ይቈይ፤ ለሕጉ «የቅደም ተከተል ሕግ» ይባል፤ የትኛው ሕግ እንደ ሆነም በመምሪያው ይጻፍ። «ተራ» የሚለውን ቃል መርጠን ነበር፤ «ተራ ሕግ» ሲባል የሚሰማው ሌላ ስለ ሆነ ተውነው።

«ሽቅብ» እና «ቍልቍል» የሚሉት አቻዎችም ከባዕድ ቋንቋ ቃል በቃል የተገለበጡ ናቸው። «ሽቅብ» በተባለው ድርድር ትንሹ ከላይ ይቀመጣል፤ ቍጥሩ የሚያድገው ወደ ታች ነው። ዓይን የሚያየውን ጆሮ ይክዳል ማለት ነው። ለቃላት «ከሀ እስከ ፐ»፣ ለቍጥር «ከትንሽ ወደ ትልቅ»፣ ለቀን «ከቀድሞ ወደ ቅርብ» ቢባል ማንም አይሳሳትም። ረዘመ የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ የአዝራሩን ስፋት መጨመር ግን ከፕሮግራም አዘጋጁ እጅ አይወጣም።