የከረረ ፈትል

ቀዳዳው ከውጭ ሲታይ የበቆሎ ፍሬ ያህላል። በቤት ውስጥ ካለው አፉ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ነው የተበሳው። ሆን ተብሎ ነው፤ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ከጎን ሲመታ ውሃው ወደ ደጅ እንጂ ወደ ቤት እንዳይፈስ ትራፓኖውን ከታች ወደ ላይ አዘንብሎ ነው የሠራው። ገመዱም ቀዳዳው ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ረገብ ይልና ተመልሶ ሽቅብ ይወጣል። በገመዱ ላይ እየተንሸራተተ የሚመጣ ጠብታ የረገበው ቦታ ላይ ሲደርስ መሬት ይወድቃል፣ ሽቅብ መውጣት አይችልም። ይህን ገመዱን የዘረጋው ልጅ ነግሮኝ አይደለም ያወቅሁት። ሥራው ካለቀ ከሁለት ወር በኋላ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ጃንጥላ ይዤ ግድግዳው ሥር ቆሜ ጠብታዎቹን ስቆጥር ነው የገባኝ።

ነገሩ የዋይፋይ ነገር ነው። ቤታችን ኮተቤ ነው፤ ከፊት ባለ አንድ ፎቅ የብሎኬት ቤት፣ ከጓሮ ደግሞ ሰርቪስ። ራውተሩ ያለው ሳሎን ሲሆን እናቴ የምትውለው ሰርቪሱ ውስጥ ካለው ማድ ቤት ነው። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ እሁድ እሁድ በቪዲዮ ትደውላለች። እናቴ ስልኩን ይዛ፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ ወደ ጓሮ ትነሳለች፤ የውሃ ሮቶው ጋ ስትደርስ የእህቴ ፊት አፉን እንደከፈተ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ያለው «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?» ብቻ ነው። በሳሎኑና በማድ ቤቱ መካከል ሁለት የብሎኬት ግድግዳና 2000 ሊትር ውሃ ቆመዋል። ውሃ ደግሞ ይህን ሞገድ ይጠጣዋል፤ ማይክሮዌቭ ምግብ የሚያሞቀውም በዚሁ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለ ሞገድ ጉልበቱን ለውሃ ስለሚያስረክብ ነው።

ከዚህ ልጅ በፊት ሌላ ሰው መጥቶ ነበር። ሁለተኛ ራውተር አስገዝቶን ከማድ ቤቱ የቆርቆሮ በር ኋላ ሰቀለው፣ ገመዱን በመስኮት አሳልፎ ሰካ፣ መብራቶቹ ብልጭ ብልጭ ሲሉ «አለቀ» ብሎ ሄደ። በማግስቱ የቤቱ ስልክ ሁሉ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም፤ ቀድሞ ደህና የነበረው ሳሎን ሳይቀር ታመመ።

ይኼኛው ልጅ ሲመጣ ቦርሳውን እንኳ አልከፈተም። ስልኩን አውጥቶ የሞገዱን ጥንካሬ የሚያነብ መተግበሪያ ከፈተና መዞር ጀመረ። አንድ ቦታ ይቆማል፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቃል፣ በካርቶን ቁራጭ ላይ ይጽፋል። የሳሎኑ ራውተር ሞገድ፦ ሳሎን 44፣ ደረጃው ሥር 58፣ የጓሮ በር 69፣ ማድ ቤት 84። ሁሉም ከዜሮ በታች ስለሆኑ ቁጥሩ ሲያድግ ሞገዱ ይደክማል፤ በየ10 ቁጥሩም ጉልበቱ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ስለዚህ ከሳሎን እስከ ማድ ቤት ሞገዱ አሥር ሺህ ጊዜ ደክሟል ማለት ነው። ለድምፅና ለቪዲዮ ጥሪ የሙያው ሰዎች 67 ላይ መስመር ያሰምራሉ፤ ከዚያ ካለፈ ወሬው ይቆራረጣል። አዲስ ዕቃ ግዙ እንደሚለን ጠብቄ ነበር። የተሰቀለውን ራውተር አውርዶ ገለባበጠውና «ዕቃው ምንም አልሆነም ጋሼ» አለኝ።

ቀጥሎ ያደረገው አስቂኝ ይመስላል። ራውተሩን በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ አሰረው። የእህቴን ልጅ እንጨቱን አስይዞ በሰርቪሱ ኮሪደር ያስኬደዋል፤ እሱ ማድ ቤት ገብቶ ያነባል። «አንድ እርምጃ ወደ ግራ። ቁም። ከኮርኒሱ ትንሽ ዝቅ አድርገው።» ከቆርቆሮው በር ኋላ 63 የነበረው፣ አንድ ሜትር ተኩል ፈቀቅ ብሎ ኮሪደሩ ላይ፣ የሰርቪሱ የሁለቱም ክፍሎች በር ከሚታይበት ቦታ ሲሆን 51 ሆነ። ሚስማር የተመታው ከዚህ በኋላ ነው። ሙያተኛ ሠራተኛ አይቻለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ምንም ነገር ሳይበሳ ሲቆይ ያየሁት ግን እሱን ብቻ ነው።

ገመዱን ስንገዛ አብሬው ሄድኩ። ባለሱቁ ሁለት ጥቅልል አወጣ፤ ሽፋናቸው አንድ፣ በላያቸው የታተመው ጽሑፍ አንድ፣ ዋጋቸው ግን የተራራቀ። ልጁ ምላጭ አውጥቶ ከርካሹ ጫፍ ላይ ልባሱን ገፈፈና አንዷን ሽቦ ፋቅ ፋቅ አደረጋት። ከላይ ቀይ፣ ከሥር ነጭ። መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነበር፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ የሚቀነጠስ ዓይነት። ሁለተኛውን ፋቀው፤ እስከ ልቡ ቀይ ነው። ጥቅልሉን በእጁ አንስቶ መዘነው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከፈልን። ለጓሮው የሚሆነው ደግሞ ፀሐይ የማይሰነጥቀው ጥቁር ሽፋን ያለው እንዲሆን ለይቶ ጠየቀ። ዋጋ ለመቀነስ አንድ ቃል ሞክሬ ነበር። ምላጩን እያጠፈ ዝም አለኝ።

በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጫፉን ሊገጥም ሲል እናቴ እንዝርቷን ይዛ አጠገቡ ነበረች። ጥቁሩን ሽፋን ሲገፍፈው አራት ጥንድ ሽቦ ወጣ፤ ብርቱካንማ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቡናማ፣ እያንዳንዱ ከአንድ ነጭ ጓደኛው ጋር የተገመደ። እናቴ እንዝርቷን አስቀምጣ ገመዱን ተቀበለችው።

«እነዚህን ማነው የፈተላቸው?»

«ፋብሪካ ነው ማዘር።»

«አንዱ ከአንዱ አይገጥምም እኮ። ይኸው ይኼ ከሯል፣ ይኼ ላላ ብሏል። ሰነፍ ፈታይ ነው።»

ልጁ ሳቀ፤ ከዚያ ግን ሳቁን ትቶ በአክብሮት አያት። ለመሆኑ ስንት ደንበኛው ነው በዓይኑ ብቻ ይህን የሚለይ? «ልክ ነዎት፣ ግን ሆን ብለው ነው» አለና አስረዳት። በአንድ ጥንድ ሁለት ሽቦዎች ላይ የሚሄደው መልእክት እኩልና ተቃራኒ ነው። ከውጭ የመጣ ረብሻ፣ ከመብራት መስመርም ይሁን ከሞተር፣ ሽቦዎቹ ስለተገመዱ ሁለቱንም እኩል ይነካቸዋል። ተቀባዩ የሚያነበው ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ስለሆነ እኩል የመጣው ረብሻ ተጣፍቶ ይቀራል። አራቱ ጥንዶች በአንድ ልክ ቢከሩ ግን ጎን ለጎን ሲሄዱ የአንዱ ወሬ ወደ ሌላው ይሾልካል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ክረት የተለያየ ነው። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 ለስልክ መስመር ሽቦን በጥንድ ስለመግመድ የፈጠራ ባለቤትነት አግኝቶበታል፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሲለወጥ ይህ ሐሳብ አልተለወጠም። እናቴ በጣቷ ብርቱካንማውን ጥንድ እያሸች «እንግዲያው ደህና ፈታይ ነው» አለች።

የእጅ ሥራው ጥራት የሚታየው እዚህ ጫፍ ላይ ነው። ሽቦዎቹን በሶኬቱ ውስጥ ለመደርደር ጥንዱ መፈታት አለበት፤ በተፈታ ቁጥር ደግሞ ጥበቃው ይቀንሳል። ደንቡ ከ13 ሚሊሜትር በላይ አይፈታ ይላል። ችኩል ሰው ለመደርደር ስለሚመቸው ጣት ሙሉ ይፈታል። ይህ ልጅ የጥፍሩን ያህል ብቻ ፈታ፣ ስምንቱን በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ መካከል አንድ ጊዜ ግራና ቀኝ እያወዛወዘ አቃናቸው፣ አንድ ላይ እኩል ቆረጣቸው። ነጭ ብርቱካንማ፣ ብርቱካንማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ሲያስገባው ጥቁሩ ሽፋንም አብሮ ወደ ሶኬቱ አንገት ገባ፤ ገመዱ ሲጎተት ሸክሙን የሚይዘው ሽፋኑ እንዲሆን እንጂ ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች እንዳይሆኑ ነው። ክሪምፐሩን ጨመቀው። ቀጭ አለ። ወደ ፀሐይ አነሳውና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየው። ቡናማዋ እስከ ፊት አልደረሰችም። እኔ ልዩነቱን ፈልጌ አላገኘሁትም፤ እሱ ግን ቆርጦ ጣለውና እንደገና ጀመረ።

የቀድሞውን ሰው ገመድም አሳየኝ። አረንጓዴው ከነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊው ከነጭ ሰማያዊ ጎን፣ ለዓይን በሚያምር ተራ ተደርድሯል፤ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት። ቴስተሩ ላይ ሲሰካው ከ1 እስከ 8 መብራቱ በሥርዓት በራ። «ቴስተሩ ልክ ነው ይላል» አልኩት። «ቴስተሩ የሚያውቀው ሽቦው መድረሱን ነው» አለኝ። ራውተሩ ግን 3 ቁጥርንና 6 ቁጥርን እንደ አንድ ጥንድ ነው የሚጠቀምባቸው። በዚያ ውብ ድርድር ላይ ሁለቱ ከተለያየ ጥንድ የመጡ ናቸው፤ አብረው ያልተገመዱ። ጥበቃው የለም። ገመዱ ይደርሳል፣ ነገር ግን መልእክቱን እያበላሸ ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚታወሰኝ ይህ ነው፤ ለዓይን የተስተካከለው ስህተት፣ የተዘበራረቀ የሚመስለው ትክክል።

ራውተሩ ውስጥ የሠራው ሥራ ጊዜ አልወሰደም። የቀድሞው ሰው ሁለቱንም ራውተሮች 192.168.1.1 በሚል አንድ አድራሻ፣ ሁለቱንም ለስልኮች ቁጥር እንዲያድሉ ትቷቸው ነበር። በአንድ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰው ተራ ቁጥር ሲያድል የሚሆነው ነው የሆነው። ከማድ ቤቱ ራውተር ቁጥር የወሰደ ስልክ መልእክቱን ሁሉ ወደዚያ ይልካል፤ የማድ ቤቱ ራውተር ደግሞ ወደ ውጭ የሚያወጣ በር የለውም። «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» የሚለው ጽሑፍ ከዚያ ነው የመጣው። ልጁ ለሁለተኛው 192.168.1.2 ሰጠው፣ ቁጥር የሚያድለውን ዲኤችሲፒ አጠፋበት፣ ገመዱን ከአራቱ ላን ቀዳዳዎች በአንዱ ሰካ። ከዚያ ወዲህ ራውተር መሆኑ ቀርቶ ሞገድ አሰራጭ፣ አክሰስ ፖይንት ብቻ ሆነ። የተረፈውን፣ ለኢንተርኔት መግቢያ የተሠራውን ቀዳዳ በፕላስተር ሸፈነው። ከዓመት በኋላ አቧራ ሲጠርግ ገመዱን ነቅሎ ወደዚያ የሚሰካ ሰው ይኖራል ብሎ አስቦ ነው። ያ ሰው እኔ እንደምሆን ሁለታችንም አውቀናል።

ቻናል ሲመርጥ የጎረቤቶቹን ሁሉ ዘረዘረ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ቻናሎቹ በ5 ሜጋኸርዝ ልዩነት ነው የተደረደሩት፤ የአንዱ ስፋት ግን 20 ያህል ነው። ስለዚህ ሳይነካኩ የሚኖሩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። 1 እና 6 ተጨናንቀው ነበር። «3 ላይ ማንም የለም፣ ለምን እዚያ አትሆንም?» አልኩት፣ ብልህ ነኝ ብዬ። ዋይፋይ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል፤ አንድ ቻናል ላይ ያሉ ሁሉ የጎረቤታቸውን ንግግር ለይተው ስለሚሰሙ ተራ ይጠብቃሉ። 3 ላይ የተቀመጠ ግን የሁለቱንም ንግግር እንደ ጫጫታ እንጂ እንደ ንግግር አይሰማውም፣ እነሱም የእሱን። እንደ እድር ስብሰባ፣ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ተራውን ይጠብቃል፤ በሩ ላይ ቆሞ የሚያወራው ነው ሁሉን የሚረብሸው። ለማድ ቤቱ 11 ሰጠው፣ ሳሎኑን 1 ላይ ተወው።

ከሁሉ በላይ የተከራከርኩት መጨረሻ ላይ ነው። የሁለቱንም ራውተር የሞገድ ጉልበት ከ«ከፍተኛ» ወደ «መካከለኛ» አወረደው። ለገንዘቤ ያነሰ ዕቃ የተሰጠኝ መሰለኝ። «ጋሼ፣ እሱ ቢጮህ ስልኩ መልሶ መጮህ አይችልም» አለኝ። ስልክ ትንሽ ባትሪ ያላት ነገር ናት፤ ራውተሩን ከሩቅ ትሰማዋለች፣ ራውተሩ ግን እሷን አይሰማትም። ከዚያም በላይ፣ የትኛው ራውተር ላይ እንደምትሆን የምትወስነው ስልኳ ራሷ ናት። ሁለቱም አንድ ስምና አንድ የይለፍ ቃል አላቸው፤ ሳሎኑ ከመጠን በላይ ከጮኸ ስልኳ ማድ ቤት ደርሳም የሳሎኑን ጭራ ይዛ አለቅም ትላለች። ድምፁ ዝቅ ሲል ግን ሮቶው ጋ ስትደርስ ለቃ የቅርቡን ትይዛለች።

እንከን የለበትም አልልም። ቀዳዳውን የደፈነበት ሲሊኮን ነጭ ነው፤ ግድግዳችን ደግሞ ክሬም። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ዓይኔ እዚያ ላይ ያርፋል። ገመዱን የጠበቁ የፕላስቲክ ማሰሪያዎች እንዳያንቁት በጨርቅ የሚያስር፣ የመብራት መስመርን ሲያቋርጥ በቀጥታ መስቀልኛ እንጂ ጎን ለጎን የማያስኬድ ሰው፣ የቀለሙ ነገር እንዴት አመለጠው?

እሁድ እህቴ ስትደውል ልጁ ሂሳቡን ተቀብሎ ቡና እየጠጣ ነበር። እናቴ ስልኩን ይዛ ተነሳች። ሁላችንም ዝም ብለን ተከተልናት፤ እሷ አላወቀችም። ሮቶው ጋ ምስሉ የዓይን ጥቅሻ ያህል ያዝ አደረገና ቀጠለ። እናቴ ስለ ጎረቤት ሠርግ እያወራች ማድ ቤት ገባች። ልጁ ስኒውን አስቀምጦ በገመዱ በሁለቱም ጫፍ ላይ «ሳሎን» እና «ማድ ቤት» የሚሉ ትንንሽ መለያዎችን ለጠፈ፣ የሽቦ ቁርጥራጮቹን ሰብስቦ በኪሱ ከተተ፣ ሄደ።

የተረፈውን አንድ ክንድ ገመድ እናቴ ወሰደችው። ሽፋኑን ገፍፋ፣ ብርቱካንማውን ጥንድ ለይታ፣ የተንጋደደውን የጤና አዳም ግንድ ከእንጨት ጋር አሰረችበት።