የቀይ ቀለም ፈተና

ባሕር ዳር ላይ የእጅ ባትሪ ሲገዛ ቀድሞ የሚጠራው ቁጥር ነው። ካርቶኑ ላይ የብርሃኑ መጠን፣ ሉመኑ፣ በአምስት አኃዝ ተጽፏል፤ ሻጩ አብርቶ ግድግዳው ላይ ሲያሳርፈው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ክብ ይወጣል። ዓይን ስለሚወጋ ኃይለኛ ይመስላል። እኔ ግን የኪስ ባትሪን ጥራት የምለካው የጣናን ሐይቅ ተሻግሬ፣ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። መቅደሱን ዙሪያውን የሸፈኑት ሥዕሎች በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ረጃጅሞቹ በሮች ሲከፈቱ የሚገባው የቀን ብርሃን የታችኛውን ረድፍ በደንብ ያሳያል፤ ወደ ጣሪያው የተጠጋው ግን እንደደበዘዘ ይቀራል። አባን አስፈቅዶ ባትሪ ማብራት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ያውም ለአፍታ፣ ቀለም በብርሃን ያረጃልና።

በርካሹ ባትሪ ሲታይ የእመቤታችን ሰማያዊ መጎናጸፊያ ፈጥጦ ይወጣል፤ ከሥሩ ያለው ቀይ ቀሚስ ወደ ቡናማ ያደላል፤ ፊቷም ይገረጣል። ጥሩው ሲበራ ቀዩ ይመለሳል። የቀሚሱ እጥፋት አንዱ ከሌላው ይለያል። ጉንጭና አንገት ላይ ሠዓሊው በቀጭን ብሩሽ የጣላቸው ቀላ ያሉ ጥላዎች ይታያሉ፤ ከርቀት ዝም ብሎ ለስላሳ የሚመስለው ቆዳ መስመር በመስመር የተሠራ ሆኖ ይገኛል። የብራና መጽሐፍም እንዲሁ ነው። ቅዱሳት ስሞች በቀይ ቀለም ይጻፋሉ፤ የማርያም ስም ከጥቁሩ መስመር መካከል ደምቆ እንዲነበብ ነው የጸሐፊው ሐሳብ። ያን ድምቀት የሚያደበዝዝ ባትሪ ሉመኑ የፈለገውን ያህል ቢሆን ኪሴ አይገባም።

ምክንያቱ ብርሃኑን ከሚሰጠው ከኤልኢዲው አሠራር ይጀምራል። ነጭ ኤልኢዲ ውስጥ ያለችው ቅንጣት የምታወጣው ሰማያዊ ብርሃን ነው። በላይዋ የተቀባው ቢጫ ዱቄት ከፊሉን ሰማያዊ ወደ ሌሎች ቀለማት ይለውጠውና ሁለቱ ሲደባለቁ ዓይናችን ነጭ ያያል። ሰማያዊዋን ኤልኢዲ ለፍሬ ያበቁት ጃፓን ተወላጆቹ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል። ችግሩ በርካሹ ሥራ ደማቅ ቀይ ማነሱ ነው። ቀለምን በእውነተኛ መልኩ የማሳየት ችሎታ ሲአርአይ በሚባል መለኪያ ይገለጻል፤ የፀሐይ ብርሃን 100 ነው፣ ተራ ባትሪ 70 ገደማ ላይ ይቀራል፣ ጥሩ የሚባለው ከ90 ያልፋል። የድሮው ባለ ሁለት ድንጋይ የቆርቆሮ ባትሪ፣ አምፖሉ የጋለ ሽቦ ስለነበረ፣ ደካማና ቢጫ ቢሆንም ቀይን አይበድልም ነበር። ቀዩን የሚመልስ ኤልኢዲ በዚያው ኃይል የሚሰጠው ሉመን ያነሰ ነው። ስለዚህ ከ90 በላይ የሚመርጥ አምራች ካርቶኑ ላይ የሚጽፈውን ቁጥር ለቀለም ሲል ቀንሷል ማለት ነው። እኔ ይህን ትልቅ ታማኝነት ነው የምለው።

አሁን ወደ እጅ ሥራው እንምጣ። የኋላውን ክዳን ይፍቱትና ጥርሱን ይመልከቱ። ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ቶርኖ ለከተማው እንግዳ አይደለም፤ ጥርስ አይቶ የሚፈርድ ባለሙያ አይታጣም። ጥሩ ጥርስ ወፈር ያለ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ፣ እኩል የተቆረጠ ነው። ሲያስገቡት መጀመሪያዋ ዙር ላይ ሳይፈልግና ሳይዛነፍ ይይዛል፤ እስከ መጨረሻው በአንድ ዓይነት ክብደት ይዞራል። ሹልና ቀጭን ጥርስ ግን የሐይቅ ዳር አሸዋ ሲገባው ይፋጫል፣ ቆይቶም ይበላል። የማግላይት ባትሪን በ1979 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው አንቶኒ ማግሊካ ራሱ የቶርኖ ባለሙያ ነበር፤ የአሉሚኒየም ባትሪ የዕድሜ ልክ ዕቃ ሊሆን ይችላል የሚለው እምነት ከዚያ ወዲህ ሥር ሰደደ።

በጣም የምወደው ነገር ደግሞ እዚያው ጥርሱ ላይ አለ። አሉሚኒየም በአሲድ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ፊቱ ወደ ጠንካራ ልባስ ይለወጣል፤ አኖዳይዝ የሚሉት ይህን ነው። ልባሱ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ጥንቁቅ አምራች ጥርሱንም አብሮ ያለብሰውና ኤሌክትሪኩ የሚያልፍበትን የቱቦውን ጫፍ ብቻ ራቁቱን ይተወዋል። ታዲያ ክዳኑን ሩብ ዙር ያህል ላላ ሲያደርጉት መስመሩ ይቋረጣል፤ ባትሪው ኪስ ውስጥ ተጭኖ በራሱ አይበራም፣ ሱሪም አያቃጥልም። አንዲት ተጨማሪ ቁልፍ ሳይገጠም፣ በልባስ አሰጣጥ ብቻ የተገኘ መቆለፊያ ነው።

ከጥርሱ ሥር ያለችው ውሃ የምትከለክል የጎማ ቀለበት፣ ኦሪንግ፣ ሳትጠማዘዝ በቦይዋ ልክ ትቀመጥ። አይፒኤክስ 7 የሚል ምልክት ያለው ባትሪ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ በጀልባ ለሚመላለስ ሰው ከዚያ ያነሰ አይበቃም። ኦሪንጓ ላይ የሚቀባው የሲሊኮን ቅባት ነው፤ የመኪና ግራሶ አንዳንዱን ጎማ ያሳብጣል።

መብራቱ ሲቀነስ የሚንቀጠቀጥ ባትሪም አለ። አንዳንዱ አምራች ብርሃን የሚቀንሰው ቶሎ ቶሎ እያጠፋ እያበራ ነው። ዓይን ባያውቀውም ከቧንቧ የሚወርድ ውሃ ላይ ቢያበሩት ይጋለጣል፤ ጠብታዎቹ በአየር ላይ እንደተበተነ ጨሌ ተለያይተው ይታያሉ። ንጹሕ አሠራር ያለው ግን ውሃውን አንድ ወጥ መስመር አድርጎ ያሳያል። ዝቅተኛው ደረጃ ከ1 ሉመን በታች ቢወርድ እሰየው፤ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ቤተሰብ ሳይቀሰቅሱ ዳዊት ለማንበብ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ርቀትን በተመለከተ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሜትር ማንበብ ማወቅ ይገባል። ኤፍኤል 1 በሚባለው የ2009 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መለኪያ መሠረት ርቀቱ የሚያበቃው ብርሃኑ 0.25 ሉክስ ሲደርስ ነው፤ ይኸውም የሙሉ ጨረቃ ያህል ማለት ነው። 100 ሜትር የሚል ባትሪ በ50 ሜትር ላይ አራት እጥፍ፣ 1 ሉክስ ይሰጣል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ወደ ዳር ስለሚወጣ፣ በዚያ በኩል የሚያመሽ ሰው መቁጠር ያለበት ግማሹን ርቀት ነው። ለዚህ ሥራ አንጸባራቂው ጠለቅ ያለ፣ ኤልኢዲውም ትክክል መሀሉ ላይ የተቀመጠ ይሁን። ትንሽ ከተዛነፈ ጨረሩ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

ስለ ድንጋዩ። 18650 የሚባለው ሊትየም ድንጋይ ውፍረቱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊሜትር ነው። 9900 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚል ጽሑፍ ያለበትን ባዩ ጊዜ ይመልሱት፤ በዚህ መጠን 3500 የሚይዝ ራሱ ምርጥ የሚባል ነው። በእጅም ይታወቃል፤ እውነተኛው 45 ግራም ገደማ ሲመዝን ውስጡ ባዶ የሆነው ይቀላል።

ለዕለት ኪስ ግን እኔ የምመርጠው ከዚህ ያነሰውን፣ የግድግዳ ሰዓት ድንጋይም ተመሳሳይ መጠን ያለው ሊትየምም የሚቀበለውን ነው። ነጭ ኤልኢዲ ለመብራት 3 ቮልት ያህል ይፈልጋል፤ የሰዓት ድንጋይ ያላት 1.5 ነው። ስለዚህ ውስጡ፣ ከጥፍር በማትበልጥ ሰሌዳ ላይ፣ ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ ጥቅል ሽቦ አለ። በሁለቱም ድንጋይ ሳይንገዳገድ የሚሠራ ሰሌዳ መሥራት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ሁለቱንም እንቀበላለን የሚሉትን ሁሉ ከመግዛት በፊት በሁለቱም ማብራት ነው። ቻርጅ የሚደረገው ሲያልቅና መብራት ጠፍቶ ሲውል፣ የሰዓት ድንጋይ ዘጌ ውስጥ ካለች ትንሽ ሱቅም ይገኛል።