ከ«አጠገብ» እስከ «ኩታ ገጠም»

ተርጓሚ ቃል አጥቶ ከሚሳሳተው ይልቅ ያለውን ቃል ሳይጠቀምበት ቀርቶ የሚሳሳተው ይበዛል። ለዚህ ማስረጃ ይሆን ዘንድ፣ ነገሮች ሲቀራረቡ፣ ሲነካኩና ሲጋጠሙ እንግሊዝኛ የሚጠራባቸውን ጥቂት ቃላትና በአማርኛ የሚሰጣቸውን ፍቺ መመርመር ይበቃል።

እንግሊዝኛ እነዚህን ቃላት በአብዛኛው የወረሰው ከላቲንና ከፈረንሳይኛ ነው። «አድጄሰንት» የሚለው ቃል ሥሩ «መጋደም» ነው፤ አንዱ ነገር በሌላው ዘንድ ተጋድሞ ይገኛል፣ መነካካታቸው ግን ግዴታ አይደለም። «አድጆይኒንግ» ከ«ማያያዝ» የመጣ በመሆኑ ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር መኖሩን ያስረዳል። «ኮንቲግዩየስ» ከ«መንካት» ተወልዶ በመካከል ሌላ ነገር አለመግባቱን ይናገራል። «አበት» የተባለው ግስ ደግሞ የአንዱ ጫፍ ከሌላው ላይ ደርሶ መቆሙን ያሳያል። ባለቋንቋዎቹ ራሳቸው በዕለት ንግግር ያደባልቋቸዋል፤ በመሬት ውልና በካርታ ላይ ግን አንዱን በሌላው መተካት ክርክር ያስነሣል።

እነዚህ አራት ቃላት ወደ አማርኛ ሲሻገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቃቸው በር አንድ ነው፤ እርሱም «አጠገብ» ነው። «አጠገብ» በራሱ ነውር ያለበት ቃል አይደለም። ይሁን እንጂ ቅርበትን ይናገራል እንጂ የቅርበትን ዓይነት አይናገርም። ከወንዝ አጠገብ ያለ ቤት ክረምት ሲገባ ግድግዳውን ጎርፍ ይንካው ወይም መቶ እርምጃ ይራቀው፣ ቃሉ አይለይም። ተርጓሚው እዚህ ላይ ቆሞ «አማርኛ አልበቃ አለ» ቢል፣ የራሱን ስንፍና በቋንቋው ላይ ማላከኩ ነው።

አማርኛማ ጓዳው ሙሉ ነው። ሁለት መሬቶች በአንድ ወሰን ሲለያዩ «አዋሳኝ» ይባላሉ። ከወሰኑ ግራና ቀኝ ያሉት ሰዎች «ድንበርተኛ» ናቸው። «ጎረቤት» በውስጡ ቤት አለበት፤ ስለዚህ ከመሬት አስቀድሞ ሰውን፣ እሳት መጫጫርንና ቡና መጠራራትን ያስባል። «ተያያዥ» አንዱ ሲጎተት ሌላው የሚከተለውን ይመለከታል። «ኩታ ገጠም» ደግሞ በመካከል ክፍተት የማይታይበትን መገናኘት ይገልጻል፤ ወርድ ከወርድ ተጋጥሞ የተሰፋ ሸማ በዓይነ ሕሊና እንዲታይ ያደርጋል።

የቃላቱ ልዩነት የቃላት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት ወደ ባሌ መሻገር ይጠቅማል። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ ያቋርጣል። በዚያ ከፍታ፣ 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ በሚታይበት አምባ ላይ፣ ጅብራ ቆሞ ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን ይታያል። መንገዱ በስተደቡብ ቁልቁል ሲወርድ አስታ ይቀበለዋል፤ ከዚያም የሪራ መንደርና ቀርከሃው፣ ዝቅ ሲልም የሐረና ደን ይከተላሉ። አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ደኑን የአምባው «አድጄሰንት» ቢለው አልተሳሳተም። «ኩታ ገጠም» ብሎ የተረጎመው ግን የአስታውን ቀበቶ በአንድ ቃል መነጠረው። አምባው የሚገጥመው ከአስታው ነው፤ ደኑም እንዲሁ ሽቅብ ሲወጣ የሚያገኘው አስታውን ነው። «ከአምባው አጠገብ» ያለውም ቢሆን እውነቱን አደበዘዘው። ትክክለኛውን ቃል የሚመርጠው ቁልቁለቱን በዓይኑ ወይም በካርታው የወረደ ተርጓሚ ነው።

ነገሩ ወደ ሰው ሲደርስ ደግሞ ይከብዳል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተካሄደው ጉባኤ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሪራ የፓርኩ አዋሳኝ አይደለችም፤ በክልሉ ውስጥ ያለች መንደር ናት። የሪራን ነዋሪ «በፓርኩ አጠገብ የሚኖር» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሳያስበው ከቤቱ አስወጥቶታል። በአዋሳኝ የሚኖር ሰው የሚጠየቀው ወሰን እንዳይጥስ ነው። በውስጥ የሚኖር ግን ስለ ግጦሹ፣ ስለ ንብ ቀፎውና ስለ ጎጆው ጭምር ይጠየቃል። የአገሩ ሰው በኦሮሚኛ «ኦላ» ሲል ጎረቤትንም መንደርንም በአንድ ቃል ይጠራል፤ መንደር ማለት እርስ በርሱ የተጎራበተ ሰው መሆኑን ቋንቋው ያስታውሳል። ይህን ሕዝብ በተመለከተ የሚጻፍ ሰነድ፣ በየትኛውም ቋንቋ ይጻፍ፣ «ውስጥ»ን፣ «ወሰን»ንና «አጠገብ»ን ሊያምታታ አይገባውም።

መልካም ትርጉም ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገም ከዚያው ከባሌ ሳይርቅ ያገኘዋል። በሮቤ ዙሪያ ባለው የስንዴ ምድር ድንበርተኛ ገበሬዎች ማሳቸውን አንድ ዓይነት ሰብል ሲዘሩበትና በአንድ ወቅት ሲያርሱት፣ እንግሊዝኛው አሠራሩን «ክላስተር» ይለዋል። የቃሉ ቀጥተኛ ፍቺ እንደ ወይን ዘለላ በአንድ የተሰበሰበ ማለት ነው። አማርኛው ግን ዘለላውን ትቶ «ኩታ ገጠም» አለው። ይህ ከምንጩ የተሻለ ትርጉም ነው። ማሳዎቹ ጎን ለጎን ተጋጥመዋል፤ ሆኖም ሸማው ቢጋጠምም ስፌቱ እንደማይጠፋ ሁሉ የእያንዳንዱ ገበሬ ይዞታ አልተሰረዘም። ቃሉን የመረጠው ሰው ማሳውን አይቷል እንጂ የእንግሊዝኛውን ፊደል አልተከተለም። እንዲህ ያለ ቃል ተገኝቶ ሳለ በየስብሰባው «ክላስተር» እያሉ መቀጠል፣ ጋቢ ደርቦ በብርድ እንደ መንቀጥቀጥ ነው።

መዝገበ ቃላትም ከዚህ የሚማረው አለ። ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃልን ለብቻው ከመፍታት ይልቅ በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ማሳየትን መርጧል። መንገዱ ትክክል ነው፤ ቃል እንደ ሰው ጎረቤቱ ሳይታወቅ ጠባዩ አይታወቅምና። ፍቺዎችን በነጠላ ሰረዝ እየለዩ መደርደር ብቻ ግን ተርጓሚው የፊተኛውን አንሥቶ እንዲሄድ ይጋብዘዋል።

«ገጠመ» ከሚለው ግስ አማርኛ ያወጣው ብዙ ነው። የአጥንቱ መጋጠሚያ፣ የተፎካካሪዎቹ ግጥሚያ፣ ያልታሰበው ገጠመኝ፣ እንዲሁም ግጥም ራሱ ከዚህ አንድ ሥር ይበቅላሉ። በዚህ ቋንቋ ገጣሚ ማለት በቃሉ ፍቺ አጋጣሚ ነው፤ ቃልን ከቃል፣ ቤትን ከቤት የሚያገናኝ። ቃሉ ከጎኑ ካለው ቃል ጋር አልገጥም ሲለው ገጣሚው ስንኙን ያፈርሰዋል እንጂ በ«አጠገብ» አይረካም። ተርጓሚም ከዚህ ያነሰ ሊጠየቅ አይገባም። እርሱ በሁለት ቋንቋዎች መካከል የቆመ ድንበርተኛ ነው፤ ወሰኑ የት እንደሆነ፣ ስፌቱም የት እንደሚያልፍ ማወቅ ግዴታው ነው።