ፈርንን ከብናኙ ማወቅ

የፈርንን ቅጠል ገልብጠው ቡናማ ነጠብጣቦች በረድፍ ተደርድረው ያዩ ብዙዎች ተባይ መስሏቸው መድኃኒት ይረጫሉ። ነጠብጣቦቹ ግን የስፖር ከረጢቶች ናቸው። ፈርን አበባም ዘርም የለውም፤ የሚራባው በውስጣቸው ባለው ደቃቅ ብናኝ ነው። ፈርን ማሳደግ የሚወድ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ይህን ብናኝ ዘርቶ ቢያየው ደስ ይለኛል፤ ተክሉ ሳሎን ውስጥ የሚያስቸግርበት ምክንያት እዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያልና።

ገበያ ላይ የሚበዛው የቦስተን ፈርን ለዚህ አይሆንም፤ ስፖሩ እምብዛም ስለማይበቅል የሚባዛው ከሥሩ በሚወጡ ቀጫጭን ሐረጎች ነው። አዲያንተም የሚባለው ፈርን ግን ይሆናል። ከረጢቶቹ ሲጠቁሩ ቅጠሉን ቆርጬ በንጹሕ ወረቀት አጥፌ ደረቅ ቦታ አስቀምጠዋለሁ፤ በጥቂት ቀናት ብናኙ ይራገፋል። ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ባለ አፈር ላይ የፈላ ውሃ አፈስስና እስኪቀዘቅዝ እከድነዋለሁ፤ አለዚያ ሻጋታና አልጌ ይቀድማሉ። ከዚያ ብናኙን በስሱ እነሰንሳለሁ። ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አላለብሰውም። መልሼ ከድኜ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው መስኮት አጠገብ አኖረዋለሁ።

ከሳምንታት በኋላ አፈሩ አረንጓዴ ይለብሳል። ቀርበው ሲያዩት ከ1 ሴንቲሜትር ያነሱ፣ የልብ ቅርጽ ያላቸው ስስ አካላት ናቸው፤ ፕሮታለስ ይባላሉ። እውነተኛ ሥርም ውሃ የሚያስተላልፍ ቧንቧም የላቸውም። ወንዴው ሕዋስ ከእንቁላሏ የሚደርሰው ውሃ ውስጥ ዋኝቶ ነው። ስለዚህ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በመርጫ ካላርከፈከፍኩላቸው ወራት ቢቆዩም ፈርን አይወጣቸውም። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሆፍማይስተር ይህን የፕሮታለስና የፈርን የሁለት ትውልድ መፈራረቅ በ1851 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው አብራርቶታል።

ያደገው ፈርን ሥርና ቧንቧ ቢያወጣም የእርጥብ አየር ፍላጎቱ አይለቀውም። በከፋና በሸካ ደኖች የዛፍ ፈርን የሚገኘውም ጥላና ርጥበት በማይጠፋበት የወንዝ ሸለቆ ነው። አዲስ አበባ ላይ በጋው ገብቶ አየሩ ሲደርቅ የአዲያንተም ቅጠል ጫፎች ያርራሉ። ባለቤቱ ደንግጦ ውሃ ያበዛበታል፤ ቅጠሉ በደረቅ አየር እየተጎዳ ሥሩ በውሃ ይበሰብሳል። የሚሻለው ተክሎቹን አጠጋግቶ ማስቀመጥ፣ ከሥራቸው ጠጠርና ውሃ ያለበት ሳህን ማኖርና ከነፋስ መከለል ነው። አፈሩ ረጥቦ ይቆይ እንጂ አይጨቅይ።

ትንንሾቹ ፈርኖች እንደወጡ ክዳኑን በአንድ ቀን ያነሳ ሰው ብዙዎቹን ያጣል። እኔ ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ ጨምሬ እከፍተዋለሁ፤ አየሩን የሚለምዱት ቀስ በቀስ ነው። ከችግኝ ጣቢያ የተገዛ ፈርን ቤት በገባ በሳምንቱ የሚጠወልገውም ብዙ ጊዜ ስላልተመቸው ብቻ ሳይሆን፣ ከጥላ መረብ ሥር ካለ እርጥብ አየር በአንድ ጊዜ ወደ ደረቅ ሳሎን ስለገባ ነው። መጀመሪያ ብርሃን ያለው መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ይሰንብት፤ ሳሎኑ ይደርሳል።