ጥልቁን በጣት የሚያስነካ ክር

ወገኖቼ፣ ይህን ክር ሳትይዙ ጥልቅ ባሕር ላይ ዓሣ አጠመድን አትበሉ! ጂዛን ውስጥ የማጥመጃ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ስትገቡ መደርደሪያው ላይ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ እያለ ቀለሙን የሚቀያይር ቀጭን ጉንጉን ክር ነው፤ ሻጩም ገዢውም ብሬድ ይለዋል። ለዓይን ሲታይ ግማሽ ኪሎ ዓሣ እንኳ የሚያወጣ አይመስልም። ግን ከ80 ሜትር ውሃ በታች አሸዋውን ከድንጋይ ለይቶ ለጣት የሚነግር፣ የተቆጣውን ሐሙር የተባለ ዓሣ ከዋሻው ደጃፍ የሚመልስ እሱ ነው። በማጥመጃ ዕቃ ዓለም ከዚህ የበለጠ ድንቅ ነገር አላውቅም፤ ለሰው ሁሉ ሳልናገር ዝም ማለትም አልችልም!

ጂዛን ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ድንበሩ ነው፤ ሳምጣ፣ ጡዋል፣ የየመን መንገድ፣ ሙቀቱ፣ የሥራው ክብደት። ባሕሩን ከኮርኒሹ ዳር ቆሞ ከማየት በቀር ሌላ የማያውቀው ሐበሻ ብዙ ነው። ከወደቡ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንርቅ ግን የፋረሳን ደሴቶች አሉ። ዩኔስኮ በ2021 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በባዮስፌር መዝገቡ ያሰፈራቸው፣ በየጸደዩ የሐሪድ ዓሣ በመንጋ ወደ ዳርቻው የሚመጣባቸው ደሴቶች ናቸው። ከእነሱ ወደ ምዕራብ ወለሉ እየወረደ ይሄዳል፤ የቀይ ባሕር መካከለኛው ሸለቆ በጥልቁ ቦታ ከ2000 ሜትር ያልፋል። ጣና ዳር ላደገ ሰው ይህ ሌላ ዓለም ነው፤ ጣና በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነውና!

የዚህ ክር ታሪክ ራሱ ያስደንቃል። ጥሬ ዕቃው ፖሊኢትሊን ነው፤ የገበያ ፌስታል ከሚሠራበት ፕላስቲክ ጋር አንድ ዘር። ዲኤስኤም በተባለው የሆላንድ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው አልበርት ፔኒንግስ በ1963 ከዚህ ፕላስቲክ እጅግ ጠንካራ ጭረት እንደሚወጣ አሳየ። በ1979 ፖል ስሚዝና ፒት ሌምስትራ የመፍተሉን ዘዴ አገኙ። በ1990 ዳይኔማ በሚል ስም ለገበያ ማምረት ተጀመረ። ጥይት የሚመክት ሰደርያም ከዚሁ ጭረት ይሠራል። ለእኛ ደግሞ አራት ወይም ስምንት ሆኖ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ የዓሣ ክር ሆነልን።

አሁን ከናይለን ጋር አስተያዩት። 23 ኪሎ ገደማ የሚችል ናይለን ውፍረቱ ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ያንኑ ክብደት የሚችለው ብሬድ ግን 0.36 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ግማሽ! ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ አንዱ የሪል (የክር መጠቅለያ) ከበሮ ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ርዝመት ይይዛል። በናይለን 150 ሜትር ብቻ ይጠቀለልበት የነበረ ሪል በብሬድ ከ500 ሜትር በላይ ይይዛል ማለት ነው። በዚያ ላይ ቀጭን ክር የባሕሩን ሞገድ ሰንጥቆ ይወርዳል። ወፍራሙን ናይለን ውሃው እየገፋ ሲያጎብጠው፣ ብሬዱ በትንሽ እርሳስ ቀጥ ብሎ ወለል ይደርሳል።

ትልቁ ተአምር ግን አለመለጠጡ ነው። ናይለን ከባድ ጭነት ሲያርፍበት ከርዝመቱ 20 በመቶና ከዚያም በላይ ሊለጠጥ ይችላል። 100 ሜትር ወርዶ ከሆነ 20 ሜትር የሚሆነው ጉተታ ዓሣው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ብሬድ የሚለጠጠው ከ3 እስከ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሐሙር ደግሞ ጊዜ የሚሰጥ ዓሣ አይደለም፤ ነክሶ ወዲያው ወደ ድንጋዩ ስንጥቅ ይመለሳል፣ እዚያ ከገባ አለቀ። በብሬድ ዘንጉን ብድግ ስታደርጉ መንጠቆውም ታች በዚያው ቅጽበት ብድግ ይላል።

እስቲ አንዴ ልብ ብላችሁ ሞክሩት። እርሳሱን ልቀቁና ክሩ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየተንሸራተተ ይውረድ። ባለ አምስት ቀለም የጥልቅ ውሃ ብሬድ በየ10 ሜትሩ ቀለም ይለውጣል፤ አምስቱ ቀለማት አልፈው የመጀመሪያው ሲመለስ 50 ሜትር ወርዷል። ስለዚህ ዓሣው በስንት ሜትር እንደነከሰ ታውቃላችሁ፣ ተመልሳችሁም እዚያው ታወርዳላችሁ። እርሳሱ አሸዋ ላይ ሲያርፍ ለስለስ ብሎ ይቀመጣል። ድንጋይ ሲነካ ጠቅ ይላል። ኮራል ላይ ሲጎተት ሻካራነቱ እስከ ጣት ድረስ ይመጣል። ትንንሽ ዓሣ ምግቡን ሲለቃቅም ቶሎ ቶሎ ይነካካል፤ ሐሙር ሲውጥ ግን አንድ ከባድ ጉተታ ነው፣ ከዚያ ዘንጉ ይጎብጣል። ዓይን የማያየውን የባሕር ወለል እጅ ያነበዋል!

ለዚህ ነው ክሩን አስቀድማችሁ ምረጡ የምለው። ብዙ ሰው ደሞዙን ሪሉ ላይ ያፈስና ክሩን የተገኘውን ይጠቀልላል። ክሩ ከታወቀ ሪሉ ራሱ ይመጣል። ዋናው ጉዳይ ፍሬኑ ነው። ዓሣው ሲሮጥ ክር እየለቀቀ የሚያደክመው እሱ ነውና ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይዘል መልቀቅ አለበት። ልኩ ክሩ ከሚችለው ክብደት ከሩብ እስከ ሲሶ ነው፤ 23 ኪሎ ለሚችል ክር ከ6 እስከ 7.5 ኪሎ ገደማ። ክሩን በእጅ ሚዛን ላይ አስራችሁ ሳቡና ፍሬኑ በስንት ኪሎ እንደሚለቅ እዩ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ትልቁ ዓሣ እንዳያመልጥ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ሌላው የሪሉ ጥርስ ምጣኔ ነው። 6.2 ለ1 የተጻፈበት ሪል መያዣው አንዴ ሲዞር ክሩ ከበሮው ላይ ከስድስት ዙር በላይ ይጠቀለላል፤ ጂግ የሚባለውን የብረት ማታለያ በፍጥነት እየሳቡ ደይራክና ባያድ የሚባሉትን ዓሦች ለሚያጠምዱ ተስማሚ ነው። 4.9 ለ1 ያለው ቀስ ይላል፣ ግን ጉልበት አለው፤ ከወለል ከባድ ዓሣ ለማንሳት እሱን ውሰዱ። ለጀማሪ ከበሮው ቆሞ ክሩ በፊት በኩል የሚመዘዝበት ሪል ይቀላል። ከጀልባ ቀጥ አድርጎ ለማውረድ ግን ከበሮው ራሱ የሚሽከረከረው ይሻላል፤ ክሩ ሳይታጠፍ በቀጥታ ይገባል፣ አወራረዱንም በአውራ ጣት ትቆጣጠሩታላችሁ። ከ200 ሜትር በታች የሚሠሩ በባትሪ የሚሳብ ሪል ይጠቀማሉ። ለፋረሳን አካባቢ ግን 300 ሜትር ብሬድ የያዘ ደህና የእጅ ሪል ከበቂ በላይ ነው።

ብሬድ የራሱ ወግ አለው። ከበሮው ላይ በባዶው አይጠቀለልም፤ ልስልስ ስለሆነ ሙሉው ጥቅል ይሽከረከራል። መጀመሪያ ጥቂት ዙር ናይለን አድርጉ። ኮራል ጎንጉኑን ቶሎ ስለሚበላው ጫፉ ላይ ጥቂት ሜትር ወፍራም ናይለን ወይም ፍሎሮካርቦን የሚባለውን ክር ቀጥሉ፤ ኤፍ ጂ የሚሉት ቋጠሮ ቀጭን ሆኖ በዘንጉ ቀለበት ያልፋል። ፖሊኢትሊን ሙቀት አይወድም፣ ስለዚህ ቋጠሮውን ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ክሩን በምንም ዓይነት በባዶ እጅ አትጠምጥሙት፣ ሥጋ ይቆርጣል! ጓንት አድርጉ፤ ወለል ከያዘባችሁም በእንጨት ጠምጥማችሁ ሳቡት። ቤት ስትገቡ ሪሉንም ክሩንም በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፣ የቀይ ባሕር ጨው ብረት ያኝካልና።

ይህ ክር በሰሜኑ ዓለምም ያው ነው። በኖርዌይ ቀዝቃዛ ውሃ ኮድ የሚባለውን ዓሣ ከጥልቅ የሚያወጡ ሰዎች የሚመርጡት ብሬድ ነው፤ ምክንያታቸውም የእኛው ነው፤ ቀጭንነቱና አለመለጠጡ። ኮድ እዚህ ሊኖር አይችልም፣ የቀይ ባሕር ጥልቅ ውሃ እንኳ 21 ዲግሪ ገደማ ሙቀት አለው። ግን ከኮድ የምንማረው ሌላ ነገር አለ። ለዘመናት ያልቃል ተብሎ ያልታሰበው የኒውፋውንድላንድ ኮድ በመርከቦች ብርታት ተመናምኖ በ1992 ካናዳ ማጥመዱን አገደች። ከጥልቅ በፍጥነት የወጣ ዓሣ ሆዱ ውስጥ ያለው አየር ስለሚነፋ መልሳችሁ ብትጥሉት እንኳ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ስለዚህ የሚበቃችሁን ይዛችሁ አቁሙ። የተከለለውን ቦታ ጠይቁ፣ ጀልባችሁም ከባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ፈቃድ ይዛ ትውጣ።

እንግዲህ በሳምጣም፣ በአቡ ዓሪሽም፣ በሰብያም ያላችሁ፣ ባሕሩ ቅርባችሁ ነው። ዘንግ ከጓደኛ ተዋሱ። ሪሉ ፍሬኑ ደህና ይሁን እንጂ ያገለገለም ይሆናል። ክሩን ግን አዲስ፣ ባለ ቀለም፣ ስምንት ጉንጉን ብሬድ ግዙ! የመጀመሪያው ሐሙር ሲነክስ እኔ ከነገርኳችሁ በላይ እጃችሁ ይነግራችኋል።