የሠፈር ትምህርት ቤት በሠፈር ሰው ብዕር
ስለ ፈቃደኛ ጸሐፊዎች ጥቅምና ጉድለት የቀረበ ትችት

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም ማንም ሳያዛቸውና ደመወዝ ሳይከፈላቸው፣ በሠፈራቸው ስላለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚጽፉ ሰዎች ሥራ ምን ዋጋ አለው የሚለው ጥያቄ ነው። ጸሐፊዎቹ አንዳንድ ጊዜ ወላጆች፣ አንዳንድ ጊዜ ተማሪዎችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ አንዳንድ ጊዜም ከማስተማሪያ ሰዓታቸው የተረፈውን ጊዜ የሚሰጡ መምህራን ናቸው። ጽሑፋቸውም በአንድ ቦታ አይገኝም። በሚኒ ሚዲያ ይነበባል፤ በግቢው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ የምሥረታ በዓል ሲደርስ በመጽሔት ይታተማል፤ አልፎ አልፎም በቤት ውስጥ በተቀመጠ ተራ ደብተር ተጽፎ ይኖራል። ለምርመራችን የመረጥነው አካባቢ ለገሃርና ከእርሱ እስከ ካዛንቺስ ያለው ሠፈር ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንገልጻለን።

አስቀድመን መለኪያችንን እንናገር። አንድ ጽሑፍ የትምህርት ቤቱን ስም ስለ ጠራ ብቻ ስለ ትምህርት ቤቱ ተጻፈ ለማለት አይቻልም። ልጁን እዚያ የሚልክ ሰው ካነበበው በኋላ ቀድሞ ያላወቀውን ሲያውቅ፣ ያወቀውም ነገር ጊዜው ሳያልፍ አንድ ነገር ለማድረግ ሲያስችለው ያን ጊዜ ጽሑፉ ተግባሩን ፈጸመ እንላለን።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ትምህርት ቤቶቻችን የወረቀት ድኻ አይደሉም። ርእሰ መምህሩ ለወረዳ፣ ወረዳው ለክፍለ ከተማ፣ ክፍለ ከተማው ለትምህርት ቢሮ ሪፖርት ይልካል። ወረቀቱ ሁሉ ግን ወደ ላይ ይወጣል እንጂ አጥሩን ተሻግሮ ወደ ጎረቤት አይሄድም። የወላጅ መምህር ኅብረት ይህን ክፍተት ይሞላል ተብሎ የተቋቋመ ነው፤ ሆኖም ስብሰባው ካለፈ በኋላ ቃለ ጉባኤው ብዙ ጊዜ በቢሮ ቁም ሣጥን ተቆልፎ ይቀራል፤ በዕለቱ ሥራ ላይ የነበረ ወላጅ የተባለውን የሚያውቀው ከጎረቤቱ አፍ ነው።

ይህ ምን እንደሚያስከትል በጥር 2015 ዓ.ም. አይተናል። በዚያ ወር ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት መሠረት፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለት ከመቶ 3.3 ያህሉ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ቍጥር 1,161 ደረሰ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ለእኛ ግን ከውጤቱ ይልቅ ድንጋጤው የበለጠ የሚመረመር ሆኖ ታይቶናል። እነዚያ ልጆች 12 ዓመት ሙሉ የተማሩት በሰው መንደር መካከል ነው፤ ከቤት ሲወጡም ሲገቡም የሚያያቸው ሰው ነበረ። ታዲያ ነገሩ ለወላጆቻቸው እንደ ድንገተኛ ወሬ በአንድ ቀን የመጣ ከሆነ፣ በእነዚያ ዓመታት መካከል ስለ ትምህርት ቤታቸው የሚነበብ ነገር አልተጻፈም ማለት ነው። እርግጥ ፈተናው በዚያ ዓመት በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠቱ የቀድሞውን ኩረጃ ቀንሶታል፤ ይህም የቀድሞዎቹ ዓመታት ውጤት ተሸፋፍኖ እንደ ነበረ ያመለክታል እንጂ ክርክራችንን አያፈርሰውም።

አሁን ወደ ጽሑፎቹ እንግባ። ከሁሉ በፊት የሚገኘው ሚኒ ሚዲያ ነው። በለገሃር አካባቢ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የዕረፍት ሰዓት ላይ ቆመን አዳምጠናል። ልጆቹ ከመምህራቸው ጋር ያዘጋጁትን በድምፅ ማጉያው ያነብባሉ፤ ግጥም አለ፣ ቀልድ አለ፣ የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ አለ፣ ስለ ንጽሕና ምክር አለ። አነባበባቸው የሚያስደስት ነበር፤ ይህን ያህል ድፍረት እኛ በእነርሱ ዕድሜ አልነበረንም። ነገር ግን እጃችሁን ታጠቡ የሚለው ምክር በሚነገርበት ሰዓት የግቢው ቧንቧ ደርቆ ነበር፤ ስለ ቧንቧው አንድ ቃል አልተነገረም። ልጆቹ ጠፍቷቸው አይደለም። ስለ ሩቁ ነገር መናገር የተፈቀደ፣ ስለ ግቢው መናገር ግን ያልተለመደ መሆኑን ከመምህራኑ ፊት ላይ ያነብባሉ።

የምሥረታ በዓል መጽሔት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። የመጀመሪያው ርእሰ መምህር ፎቶግራፍ፣ ከትምህርት ቤቱ ወጥተው ለታላቅ ማዕርግ የደረሱ ሰዎች ዝርዝር፣ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት። በ6ኛ ክፍል ትምህርቱን ስላቋረጠው ልጅ የተጻፈ ገጽ ፈልገን አላገኘንም። መጽሔቱ ለታሪክ ጸሐፊ ይጠቅም ይሆናል፤ ዘንድሮ ልጁን ለሚያስመዘግብ ሰው ግን ምንም አይነግረውም። ምስጋና ጥሩ ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ በ25 ዓመት አንድ ጊዜ የሚጻፍ ምስጋና የትምህርት ቤት መዝገብ ሊባል አይችልም።

ካየናቸው ሁሉ መለኪያችንን ያሟላው ጽሑፍ ጽሑፍ ተብሎ እንኳ የማይታሰብ ነው። በባቡር ጣቢያው አካባቢ ቡና እያፈሉ የሚተዳደሩ አንዲት እናት ልጃቸው ከትምህርት ቤት ያለ ሰዓቱ የተመለሰባቸውን ቀኖች በአንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይጽፉ ነበር። ቀኑን፣ ልጁ የገባበትን ሰዓትና ያልተሰጠውን የትምህርት ዐይነት ያሰፍራሉ፤ ሌላ ነገር አይጨምሩም። ራሳቸው የተማሩት እስከ 5ኛ ክፍል ነው። በሠፈሩ ውስጥ የሒሳቡ መምህር ንግድ ጀምሯል፣ ለትምህርቱ ግድ የለውም እየተባለ ይወራ ስለ ነበር፣ እናቲቱ ደብተሩን ይዘው በወላጆች ስብሰባ ላይ አነበቡ። ሰብሳቢዎቹ መጀመሪያ ተቈጡ። ቀኖቹ ተደርድረው ሲታዩ ግን አብዛኞቹ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሆነው ተገኙ። መምህሩም ተነሥቶ በእነዚያ ቀኖች ከትምህርት ቤቱ ውጭ ለስብሰባ እንደሚጠራ አስረዳ፤ አስጠሪዎቹም ይህን አልካዱም። ከዚያ በኋላ የሒሳቡ ክፍለ ጊዜ ወደ ጠዋት ተዛወረ።

ይህን ታሪክ ያስረዘምነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ደብተሩ የጠቀመው ልጆቹን ብቻ ሳይሆን በሐሜት ስሙ የጠፋውን መምህርም ጭምር ነው። ስለ ሠፈር ትምህርት ቤት መጻፍ መምህራንን ማሳደድ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። ሁለተኛ፣ እናቲቱ ሐሳብ አልጻፉም፤ ቀንና ሰዓት ጻፉ። መምህሩ ሰነፍ ነው ብለው ጽፈው ቢሆን ኖሮ ስብሰባው በጠብ ያበቃ ነበር፤ ማክሰኞና ሐሙስም ሳይታወቁ ይቀሩ ነበር።

ወሬ የመዝገብን ቦታ ሲይዝ በአገር ደረጃም ምን እንደሚሆን የምናውቀው ምሳሌ አለ። ከጥቅምት 1964 ዓ.ም. ጀምሮ የአገራችንንና የውጭ አገር ሊቃውንትን ያሰባሰበ የትምህርት ሴክተር ጥናት ተካሄደ። ጥናቱ ካለቀ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ለሕዝብ ሳይገለጽ ቆየ። ውስጡ ለብዙኃኑ ሕፃናት የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለማዳረስ፣ የሁለተኛ ደረጃውን ዕድገት ግን ለመግታት የሚያስችል ሐሳብ ነበረበት፤ የመምህራንንም ደመወዝ ይነካ ነበር። ወላጆች ዘንድ የደረሰው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የድኻ ልጅ ከ4ኛ ክፍል በላይ እንዳይማር ተወሰነ የሚል። ጥናቱ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን የሚያረጋጋ ነገር አልሆነም። የካቲት 11 ቀን መምህራን ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ዕለት የታክሲ ነጂዎችም በነዳጅ ዋጋ ምክንያት አደሙ፤ መንግሥትም የጥናቱን ተግባራዊነት ለማቆየት ተገደደ። የመምህራኑ ቅሬታ እውነተኛ ስለ ነበረ ሁሉን በወሬ ላይ አናሳብብም። ይሁን እንጂ በየሠፈሩ ስንት ልጅ ከ4ኛ ክፍል አልፎ ይማር እንደ ነበረ የሚያሳይና የሠፈሩ ሰው ራሱ የያዘው መዝገብ ቢኖር፣ ወላጁ የቀረበለትን ሐሳብ ከሚያውቀው ቍጥር ጋር አስተያይቶ ሊከራከር ይችል ነበር። በአገራችን ገጠር 1ኛ ክፍል እንኳ የማይደርሰው ሕፃን ብዙ በነበረበት ዘመን፣ የአራት ዓመቱ ትምህርት ለአንዱ መግቻ፣ ለሌላው መግቢያ ነበር። ይህን ልዩነት በጊዜው በግልጽ ያስረዳ ሰው ጥቂት ነበር።

በውጭ አገር ስለ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የኡጋንዳ ምሳሌ ነው። ሪትቫ ሬይኒካና ያኮብ ስቬንሶን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እንደ ጻፉት፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ድረስ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሚመድበው የነፍስ ወከፍ ድጎማ በአማካይ ከመቶ 13 ያህሉ ብቻ ትምህርት ቤቶቹ ዘንድ ይደርስ ነበር። የተላከው ገንዘብ በጋዜጣ እንዲወጣና በየትምህርት ቤቱ እንዲለጠፍ ከተደረገ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የሚደርሰው ገንዘብ ከመቶ 80 በላይ ሆነ። ይህን የሚጠቅሱ ሰዎች በዚያው ጊዜ ሌሎች የበጀትና የትምህርት ማሻሻያዎች ጭምር እንደ ተደረጉ መናገር ይዘነጋሉ። ስለዚህ ጋዜጣው ብቻውን ገንዘቡን አደረሰ ማለት አይቻልም። ደግሞም የተለጠፈው ቍጥር የመንግሥት እንጂ የሠፈሩ ሰው አልነበረም።

ለእኛ የበለጠ የሚቀርበን በሕንድ አገር እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው፣ ከ2009 ወዲህም በኬንያ፣ በታንዛንያና በኡጋንዳ ኡዌዞ በሚል ስም የተከተለው ሥራ ነው። ፈቃደኞች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ለልጆች አንድ ቀላል ጽሑፍና ጥቂት የሒሳብ ጥያቄዎች ይሰጣሉ፤ ልጁ ማንበብ ቻለ ወይስ አልቻለም የሚለውን ይመዘግባሉ። ይህ ሥራ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ማንበብ የሚችል ጎረቤት ከጥቂት ሥልጠና በኋላ ሊሠራው ይችላል። ልጁም የሚጠየቀው እናቱ አጠገብ ተቀምጣ እያየች ስለ ሆነ፣ ውጤቱ በወረዳ በኩል ዞሮ እስኪመጣ አትጠብቅም።

ጉድለቶቹንም ሳንደብቅ መናገር ይገባናል። ፈቃደኛ ጸሐፊ ይደክመዋል፤ ልጁ ትምህርቱን ሲጨርስ ደብተሩም ይዘጋል። የራሱን ልጅ በደል የሁሉ በደል ያደርጋል። የልጆችን ስም ሳይጠነቀቅ የሚጽፍም አለ፤ ይህ በምንም ምክንያት የሚፈቀድ አይደለም፤ በትንሽ ሠፈር ውስጥ ስም ባይጠራ እንኳ የአባቱ ሥራ ከተጠቀሰ ልጁ ታወቀ ማለት ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። በከተማችን ለመጻፍ ጊዜና ትምህርት ያላቸው ሰዎች፣ እኛን ያስተማሩን ጭምር፣ ልጆቻቸውን ወደ ግል ትምህርት ቤት አዛውረዋል። የመንግሥቱን ትምህርት ቤት ጉዳይ የሚያውቀው ቡና የሚያፈላውና ጫማ የሚጠርገው ሰው ሆኗል፤ ብዕር የያዘው ደግሞ ግቢውን ካየ ቆይቷል። መምህሮቻችን በዚህ ዐረፍተ ነገር ቅር እንደማይላቸው ተስፋ እናደርጋለን።

በቀድሞው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበሩት ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው፣ ስለ ትውልድ ቦታቸው የልደት፣ የሠርግና የለቅሶ ሥርዐት በማኅበሩ ቡሌቲን ሲጽፉ ክፍያ አልጠየቁም። የዛሬው ተመራማሪ እስከ አሁን ይጠቅሳቸዋል። የጻፉት ነገር ሊያልፍ መሆኑን ያወቁ ይመስላሉ።

ለገሃርን የመረጥነውም በዚህ ምክንያት ነው። ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዮቹ ባቡር ጣቢያ ሲሆን፣ ካዛንቺስም ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሩት ቤቶች ስም የመጣ ነው፤ ሠፈሩ የሌላ ሰው ዕቅድ ሲያልፍበት የኖረ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. በለገሃር 36 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ አዲስ መንደር ለመሥራት የመሠረት ድንጋይ ተጣለ፤ በዚያ የሚኖሩት 1,600 ያህል አባወራዎች እዚያው ቤት እንደሚሠራላቸው ተነገረ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ትምህርት በተከፈተበት ሰሞን፣ የካዛንቺስ ብዙ ነዋሪዎች ቤታቸው ፈርሶ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወሩ። ስለ መንገዱና ስለ ሕንፃው ብዙ ተጽፏል። ከአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ወር ስንት ልጅ እንደ ወጣ፣ መሸኛ ወረቀቱን ማን በስንት ቀን እንዳገኘ፣ በአዲሱ ሠፈር ክፍል ሞልቷል የተባለ ልጅ ስንት ሳምንት በቤት እንደ ተቀመጠ የሚናገር ጽሑፍ ግን ፈልገን አላገኘንም። ይህን የሚያውቁት ወላጆቹና የክፍል ኃላፊ መምህራኑ ናቸው፤ እነርሱም ዛሬ በአንድ ሠፈር አይገኙም።

ደብተር ጸሐፊዋን እናት ያገኘናቸው ከለገሃር ከተነሡ በኋላ ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ የልጁ መሸኛ የተጠየቀበትና የተሰጠበት ቀን ተጽፏል፤ በመካከላቸው 19 ቀን አለ። በፈቃዳቸው ደብተሩን ገልብጠናል፤ የልጆቹንና የመምህራኑን ስም አውጥተን ቅጂውን በኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት እናስቀምጣለን። ከእኛም መካከል በለገሃር፣ በካዛንቺስና በቂርቆስ ትምህርት ቤቶች የተማሩ አሉ፤ በወላጆቻቸው ቤት ተመሳሳይ ደብተር ካለ ከመጣሉ በፊት እንዲያመጡልን እንለምናለን።